ውሃ የሚገባው በጥጉ ነው

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ካርታ ተስሏል፤ ናና እየው» አሉኝ።

ስደርስ እውነትም ካርታ ነው። ነጩ ኮርኒስ መሃል ላይ፣ ዳሩ ቡናማ፣ ውስጡ ገርጣ ያለ ትልቅ እድፍ። ወንበር ላይ ቆሜ ዳሩን በጣቴ ነካሁት። ርሷል። የልጅ ልጃቸው አልጋውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ፣ አልጋው በነበረበት ቦታ ባልዲ አስቀምጧል።

«ሁለቴ አስቀብቼዋለሁ እኮ» አሉኝ። «ሰዎች መጥተው ሬንጅ ቀብተውልኝ ሄዱ። ዝናብ ሲመጣ ግን ያው ነው።»

ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ከእድፉ ትክክል በላይ አዲስ የተቀባው ሬንጅ ይታያል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሚሆን፣ ከሌላው ጠቆር ያለ። ተንበርክኬ በእጄ ዳሰስኩት። እዚያ ቦታ ላይ ያለው ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ እንዳያሳልፍ ጣሪያው ላይ የሚነጠፈው የሬንጅ ምንጣፍ፣ ደህና ነው። ድሮም አልተቀደደም። ሁለቱም ጊዜ የተቀባው ደህናው ቦታ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውሃ የታየበትና ውሃ የገባበት ቦታ አንድ ይመስለዋል። ሜምብሬኑን ያለፈ ውሃ ግን ቀጥ ብሎ አይወርድም። በሜምብሬኑና በኮንክሪት ሶሌታው መካከል ተዳፋቱን ተከትሎ ይሄዳል። ስንጥቅ ወይም የመብራት ቱቦ ሲያገኝ ያኔ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ እኔ ከእድፉ ተነስቼ ወደ ላይኛው ተዳፋት ነው የምሄደው። እያንዳንዱን ጥግ፣ እያንዳንዱን ቱቦ እያየሁ።

አራት ሜትር ያህል ርቄ አገኘሁት። ለውሃ ታንከር አዲስ ቱቦ ገብቷል። ቱቦውን ያስገባው ሰው ሜምብሬኑን ክብ አድርጎ ቆርጦ፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ሞልቶበት ሄዷል። ሲሊኮን ከሬንጅ ጋር አይዋደድም። ሲሞሉት የያዘ ይመስላል። ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁበት ይላቀቃል። ጥፍሬን ከሥሩ አስገብቼ ሳብ ሳደርገው እንደ ቀለበት ሙሉውን ተነሳ። ሥሩ እርጥብ አቧራ ነበር።

በዚህ ሥራ 17 ዓመቴ ነው። የጀመርኩት የሜምብሬን ጥቅል ተሸካሚ ሆኜ ነው። አንዱ ጥቅል አንድ ሜትር ስፋት፣ 10 ሜትር ርዝመት አለው። ባለ 4 ሚሊሜትሩ ከ40 ኪሎ አያንስም። ያንን በትከሻዬ ደረጃ ለደረጃ እያወጣሁ ነው ሙያውን ያየሁት። ያስተማሩንን ሰው ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊያማውን፣ ሜምብሬኑን የምናቀልጥበትን የጋዝ እሳት፣ አላስያዙኝም። መጥረግ፣ መለካት፣ መቁረጥ ብቻ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ሜዳውን ማንም ያነጥፈዋል» አሉኝ። «የአንተ ሙያ የሚለየው ጥጉ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥግ ማየት ልመድ።»

ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን የማስበው እሱን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። እስካሁን ለፍሳሽ ተጠርቼ ከሄድኩባቸው ጣሪያዎች፣ ሜዳው ላይ ተቀዶ ያገኘሁት በጣም ጥቂቱን ነው። ሜምብሬን ፋብሪካ ውስጥ ተመዝኖ፣ ተለክቶ የሚሠራ ነገር ነው። በመሃሉ የፖሊስተር ወይም የመስታወት ቃጫ ጨርቅ አለው። ውሃ አያሳልፍም። ችግሩ የሚመጣው ሜምብሬኑ በሚያልቅበት፣ በሚታጠፍበት፣ በሚቀጠልበትና በሚበሳበት ቦታ ነው። እነዚያን የሚሠራው ደግሞ ፋብሪካ ሳይሆን ሰው ነው። ፀሐይ የመታው፣ የቸኮለ፣ እሑድ ሳያርፍ የመጣ ሰው።

ስለ ሜምብሬኑ ዓይነት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፤ ባጭሩ ልበለው። ሬንጅ ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ቤንዚኑም ናፍጣውም ከወጣ በኋላ ከታች የሚቀረው ነው። ብቻውን ሙቀት ሲያገኝ ይፈሳል፣ ብርድ ሲያገኝ ይሰበራል። ስለዚህ ሌላ ነገር ይቀላቀልበታል። ኤፒፒ የሚባለው የፕላስቲክ ዘር ይጨመርበታል፤ እስከ 150 ዲግሪ ገደማ ሳይፈስ ይቆያል፣ ፀሐይም ይችላል። ኤስቢኤስ ላስቲክነት አለው፤ ይለጠጥና ይመለሳል፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል። ሙቀት የሚበዛበት ቦታ ኤፒፒ፣ ብርድ የሚበረታበትና ሕንፃው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ኤስቢኤስ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የግማሽ ሰዓት ወሬ ነው። ጥጉን መሥራት ግን የቀናት ሥራ ነው።

ይሄ ነገር አዲስ አይደለም ደግሞ። በዛሬዋ ፓኪስታን ሞሄንጆ ዳሮ የሚባለው ጥንታዊ ከተማ ውስጥ ከ4000 ዓመት በላይ የሆነው ታላቅ መታጠቢያ አለ። ከጡቡ ጀርባ ወፍራም የሬንጅ ንጣፍ ተገኝቶበታል። እኔን የገረመኝ ሬንጁ ግድግዳው ላይም መውጣቱ ነው። እነዚያ ሰዎች ውሃ በጎን እንደሚያመልጥ ያውቁ ነበር።

«ጠፍጣፋ ጣሪያ» የሚለው ስም ራሱ ሰው ያሳስታል። ጠፍጣፋ መሆን የለበትም። በየአንድ ሜትሩ ሁለት ሳንቲም ያህል መውረድ አለበት። ዝናብ ካቆመ ከ48 ሰዓት በኋላም ውሃ የሚቆይበት ቦታ ካለ ተዳፋቱ ልክ አይደለም ማለት ነው። ሜምብሬኑ ውሃውን ይችለዋል። ግን አቧራ ይጠራቀማል፣ ከዚያ አረም ይበቅላል፣ ሥሩም መገጣጠሚያ እየፈለገ ይገባል። ስለዚህ ምንም ነገር ከማንጠፌ በፊት ባዶው ስክሪድ ላይ፣ ማለትም ተዳፋቱን ለማውጣት ሶሌታው ላይ በሚፈሰው ሲሚንቶ ላይ፣ ውሃ አፈሳለሁ። ውሃ ልክ ከማስቀመጥ በላይ እሱን አምነዋለሁ። የቀረውን ኩሬ ዙሪያውን በጠመኔ አከብበዋለሁ። የከበብኩት ቦታ ተሞልቶ ካልተስተካከለ ጥቅል አልፈታም። አንዳንድ ፎርማን ይቆጣል። ይቆጣ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለብቻዬ መሥራት በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ነው። ባለቤቱ ቸኩሏል፤ ተከራዮች ሊገቡበት ነው። ስክሪዱ ከፈሰሰ ገና ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ላዩ ደርቋል፣ ነጣ ብሏል። በእጄ ስነካው ደረቅ ነው። ልቤ እያመነታ ፕራይመሩን፣ ሜምብሬኑ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባውን ቀጭን ቅብ፣ ቀባሁና በሁለት ቀን 300 ካሬ ዘጋሁት። ሲያልቅ መስታወት ይመስል ነበር።

በአራተኛው ቀን በቀትር ተጠራሁ። ስወጣ ጣሪያው አብጧል። አንዳንዱ እብጠት እንደ ሳህን፣ አንዳንዱ እንደ ትራስ። በጫማዬ ጫን ሳደርገው ወደ ጎን ይሸሻል። አንዱን በቢላዋ ቀደድኩት፤ ትፍ ብሎ ሞቃት እርጥበት ወጣ። ውሃ ሲፈላ ወደ 1700 እጥፍ ያህል ይሰፋል። ፀሐይ ላይ ያለ ጥቁር ጣሪያ እስከዚያ ባይግልም 70 እና 80 ዲግሪ ይደርሳል፤ ሥሩ የታፈነውን እርጥበት እንፋሎት አድርጎ ወደ ላይ ለመግፋት ይሄ ይበቃል። ስክሪዱ ውስጥ ያለውን ውሃ እኔው ራሴ ከድኜበት ነበር። ሙሉውን አንስቼ በራሴ ኪሳራ እንደገና ሠራሁት። ባለቤቱ ሲቆጣኝ መልስ አልሰጠሁም፤ አይ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልዘልም። 45 ሳንቲም በ45 ሳንቲም የሆነ ላስቲክ ቆርጬ ኮንክሪቱ ላይ አራቱንም ጎን በቴፕ አሽጋለሁ። ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆያል። ሳነሳው ከሥሩ ጠብታ ካለ፣ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ፣ እንጠብቃለን። በቃ። ጥላ ቦታ ላይም፣ ጥግ ላይም አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም መሃሉ ሲደርቅ ጥጉ ይዘገያል። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ እንፋሎቱ የሚወጣባቸው ትንንሽ ጭስ ማውጫ የሚመስሉ ቱቦዎች ይተከላሉ፤ የመጀመሪያው ንጣፍም ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በነጠብጣብ ይጣበቃል። ከሁሉም የሚሻለው ግን መጠበቁ ነው።

ማንጠፉ ላይ ልምጣ። መጥረግ፣ እንደገና መጥረግ፣ ፕራይመር መቀባት፣ ጣት ላይ እስከማይጣበቅ ድረስ ማድረቅ። ሥራው ከዝቅተኛው ቦታ ነው የሚጀመረው፣ ከውሃ መውረጃው። የላይኛው ጥቅል የታችኛውን እንዲደርበው፣ እንደ ቆርቆሮ። ጥቅሉን መጀመሪያ ሳልለኩስ እዘረጋዋለሁ፤ መስመሩን ሳስተካክል ግማሹን መልሼ እጠቀልለዋለሁ። ከዚያ ፊያማው።

ይሄን ቅጽበት እወደዋለሁ። ነበልባሉ የሚያርፈው ጥቅሉ መሬቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ነው። ግማሹ ጥቅሉን፣ ግማሹ መሬቱን ያሞቃል። የሜምብሬኑ ጀርባ ላይ ስስ ላስቲክ አለ፤ ነበልባሉ ሲነካው ይሸበሸብና ይጠፋል። ከሥሩ ያለው ሬንጅ መጀመሪያ ይፈዛል፣ ከዚያ በድንገት ያበራል። ሲያበራ ነው ጥቅሉን በእግር የምገፋው። ቀደም ካልኩ አልቀለጠም። ከዘገየሁ ሬንጁ ይቃጠልና ጨርቁ ይጋለጣል። አንድ ሁለት ሰከንድ ነው ልዩነቱ።

መደራረቢያው ላይ ደግሞ ሌላ ምልክት አለ። ጎን ለጎን 10 ሳንቲም፣ ጫፍ ለጫፍ 15 ሳንቲም ነው የምንደርበው። በደንብ ከተጣበቀ ከዳሩ ሥር አንድ ሳንቲም የማትሞላ ጥቁር የቀለጠ ክር ትወጣለች። ቀጥ ብላ፣ ሳትቋረጥ። ያቺ ክር ናት የምትነግረኝ። ክሯ በተቋረጠችበት ቦታ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው። ሲበርድ በግንበኛ ማንኪያዬ ጫፍ ዳሩን ሙሉ እየነካሁ እሄዳለሁ። የማንኪያው ጫፍ የገባበት ቦታ ውሃም ይገባበታል። ላዩ ጠጠር የተለበደበት ሜምብሬን ከሆነ ደግሞ ጫፍ ለጫፍ ከመደረቡ በፊት ጠጠሩን አሙቆ ወደ ሬንጁ ውስጥ ማስጠም ያስፈልጋል። ጠጠር ላይ የተደረበ ሜምብሬን በጠጠሮቹ መካከል ለውሃ መንገድ ይተዋል።

ሦስት ጥቅሎች በሚገናኙበት ቦታስ? እዚያ ላይ ከሥር የሚገባው ማእዘን በሰያፍ ይቆረጣል። ካልተቆረጠ 4 ሚሊሜትሩ እንደ ደረጃ ይቆምና ጎኑ ላይ ቀጭን ቦይ ይቀራል። ክብሪት እንጨት የሚያስገባ ቦይ። ውሃ ከዚያ በላይ አይፈልግም። የመቁረጡ ሥራ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ግን ስንት ጣሪያ ላይ ሳይቆረጥ አገኘሁት!

እሳት ስለምንይዝ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እንጨት ባለበት ዳር፣ ስፖንጅ ወይም ፎም ባለበት ግድግዳ አጠገብ ፊያማ አላበራም። እዚያ ላይ ወረቀቱ ተልጦ በራሱ የሚጣበቀውን ሜምብሬን እጠቀማለሁ። የእሳት ማጥፊያ ከጎኔ ይቀመጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ ደግሞ ሁለት ሰዓት እዚያው እቆያለሁ። እንጨት ውስጥ የገባ ፍም ወዲያው አይታይም፤ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው የሚነሳው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ጋሼ፣ አልቋል እኮ፣ እንሂድ» ይሉኛል። አንሄድም።

እሺ፣ ጥጉ። ሶሌታውና ፓራፔቱ፣ የጣሪያው ዳር ላይ ያለው አጭር ግንብ፣ የሚገናኙበት ቦታ ቀጥ ያለ ማእዘን ነው። ሜምብሬን በቀጥታ ማእዘን መታጠፍ አይወድም። ከጀርባው ባዶ ይቀርና አንድ ቀን ሰው ሲረግጠው ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ጥጉ በሞርታር ይሞላል፣ 5 ሳንቲም በ5 ሳንቲም፣ ተንሸራታች ሆኖ። ከዚያ ለጥጉ ለብቻው የተቆረጠ ሜምብሬን ይለጠፋል። ካለቀው ወለል በላይ ቢያንስ 15 ሳንቲም ግድግዳው ላይ ይወጣል። «ካለቀው ወለል» የሚለውን አስምሩበት። ብዙ ቦታ ሜምብሬኑ 15 ወጥቶ ነበር፤ በኋላ ሊሾና ሴራሚክ መጣበትና 5 ቀረ። ጫፉ ደግሞ ዝም ብሎ አይተውም። ግድግዳው ተቦርቡሮ ጫፉ ይገባበታል፣ ወይም በአልሙኒየም ዘንግና በብሎን ይጨበጣል፣ ከላይ ማሸጊያ ይሞላል።

ማእዘኖቹ ላይ የምሠራት ትንሽ ቁራጭ አለች፤ ልጆቹ ቢራቢሮ ይሏታል። መዳፍ የምታክል ናት። አንዱ ክንፏ በአንድ ግድግዳ፣ ሌላው በሌላው ያርፋል፤ መሃሏ ጥጉን ይሸፍናል። መጀመሪያ በወረቀት ቆርጬ እለካታለሁ። አዲስ ልጅ ሲመጣ እሷን ብቻ ሙሉ ቀን አስቆርጠዋለሁ። ይሰለቸዋል፣ አውቃለሁ። እኔም ሰልችቶኝ ነበር።

ውሃ መውረጃው ሌላው ነው። አፉ ዙሪያ ያለው ስክሪድ ከሌላው አንድ ሁለት ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ንጣፉ ሲደራረብበት አፉ ጉብታ ላይ ይቀራል፤ ውሃው ዙሪያውን ይተኛል። የመውረጃው ክፈፍ በሁለት ንጣፍ መካከል ቀልጦ መግባት አለበት። አንድ መውረጃ ብቻ ያለው ጣሪያ ያስፈራኛል። አንድ የላስቲክ ከረጢት ይበቃዋል። አንድ ሳንቲም ውሃ በአንድ ካሬ ላይ 10 ኪሎ ነው። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሳንቲም ቢጠራቀም 10 ቶን ተሸከመ ማለት ነው። ስለዚህ ፓራፔቱ ላይ ትርፍ መውጫ ቀዳዳ እንዲበሳ ሁሌም እለምናለሁ። ውሃ በዚያ ሲፈስ ያየ ሰው መውረጃው እንደተደፈነ ያውቃል።

ደግሞ እባካችሁ፣ ጣሪያ ላይ ዲሽ፣ ሶላር፣ ታንከር የምታስተክሉ ሰዎች፣ ከመበሳቱ በፊት ሜምብሬኑን ለሠራው ሰው ደውሉ። የሠራነውን ቦታ እናውቀዋለን። እግሩን ኮንክሪት መቀመጫ ላይ አድርጎ ሳይበሳ ማቆም ይቻላል። መበሳቱ ግድ ከሆነም በሥርዓቱ ይዘጋል። በዓመት ሁለቴም ውጡና እዩት። ቅጠሉን አንሱ፣ ጥጉን ነካ ነካ አድርጉ። ላዩ እንደ አዞ ቆዳ መሰነጣጠቅ ከጀመረ ፀሐይ እየበላው ነው፤ ያኔ ጠርታችሁ አማክሩ እንጂ ውሃ እስኪገባ አትጠብቁ።

ወደ እማማ ጣሪያ ልመለስ። የድሮውን ሲሊኮን ሙሉ በሙሉ አነሳሁ። ከቱቦው ዙሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ሜምብሬን ገልጬ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተውኩት። ማታ ማታ ላስቲክ አለበስኩት። ከደረቀ በኋላ የቱቦውን ሥር በሞርታር አንሸራተትኩት፤ ፕራይመር ቀባሁ። አንዱን ቁራጭ ጫፉን እንደ ፀሐይ ጨረር ሰነጣጥቄ ቱቦውን አስገብቼ መሬቱ ላይ አጣበቅኩት። ሌላውን ቱቦው ላይ 20 ሳንቲም ወደ ላይ ጠቅልዬ በብረት ማሰሪያ አጠበቅኩት። ከዚያ ያንን የሁለት ሜትር ቅብ አልነካሁትም። ምንም አልሠራም፣ ምንም አልጎዳም።

ከዚያ መውረጃዎቹን ደፈንኩ። ሶሌታው ክብደቱን እንደሚችል ካረጋገጥኩ በኋላ ጣሪያው ላይ 5 ሳንቲም ውሃ ሞላሁ። ፓራፔቱ ላይ ውሃው የደረሰበትን በእርሳስ አሰመርኩ። ከጎኑ በባልዲ ሌላ ውሃ አስቀምጬ እሱንም አሰመርኩ፤ ፀሐይ የወሰደውን ለማወቅ።

48 ሰዓት። የልጅ ልጃቸው በየጥቂት ሰዓቱ ኮርኒሱን በስልኩ ፎቶ እያነሳ ይልክልኝ ነበር። እድፉ አልሰፋም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወጣሁ። ባልዲው ውስጥ ያለው ከመስመሩ ትንሽ ወርዷል። ጣሪያው ላይ ያለውም እኩል ያንኑ ያህል። ሁለቴ ለካሁ።

መውረጃውን ከፈትኩት። እማማ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመው ውሃው ወደ አፉ እየዞረ ሲገባ አዩ። «አልጋውን ልመልሰው?» አሉኝ።

«ይመልሱት እማማ።»